ባንኮክን በትንሽ ገንዘብ ማየት፦ ጥያቄና መልስ

ከአዲስ አበባ ባንኮክ ቀጥታ በረራ ስላለ ፕራቱናም ገበያ ደርሶ፣ ሻንጣውን ሞልቶ የሚመለሰው ብዙ ነው። ከሸመታ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን የሚተርፈው ሰው የሚያነሳቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። ሰዓቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው። 1 ዶላር 32 ባህት አካባቢ እያላችሁ አስሉ፤ የመግቢያና የትራንስፖርት ዋጋ አልፎ አልፎ ስለሚጨምር ትንሽ መጠባበቂያ ያዙ።

ከመነሳቴ በፊት ምን ላዘጋጅ?

ቢጫ ካርድህን። ከኢትዮጵያ የሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ይጠየቃል፤ ክትባቱም ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። ሱቫርናብሁሚ ኤርፖርት ስትወርድ መጀመሪያ የጤና ቁጥጥሩ ጋ ሂድ፣ ኢሚግሬሽን ከዚያ በኋላ ነው። በቀጥታ ኢሚግሬሽን የተሰለፈ ሰው ተራው ሲደርስ ተመለስ ይባላል፣ ሰልፉም እንደገና ይጀምራል። ሌላው ከመድረስህ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ በኢንተርኔት የሚሞላው ዲጂታል የመግቢያ ቅጽ ነው። ነፃ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠመህ የመንግሥት አይደለም።

ዶላር የት ልመንዝር?

ኤርፖርቱ ከምድር በታች ያለው ፎቅ ላይ፣ ባቡሩ ጋ ያሉት ምንዛሪ ቤቶች ላይኛው ፎቅ ካሉት ባንኮች የተሻለ ይከፍላሉ። ድፍን መቶ ዶላር ከትንንሾቹ ኖቶች በተሻለ ዋጋ ይገዛል፤ የተቀደደ ወይም የተጻፈበት ግን ሊመለስብሽ ይችላል። ኤቲኤም የመጨረሻ አማራጭ ይሁን፦ በውጭ አገር ካርድ ባወጣሽ ቁጥር 220 ባህትና ከዚያ በላይ ይቆርጣል። ማሽኑ «በራስሽ ገንዘብ እንመንዝርልሽ?» ካለሽ እምቢ በይ፣ ምንዛሪው የባሰ ነው።

ከኤርፖርት ከተማ በርካሽ?

በባቡር። እስከ መጨረሻው ጣቢያ ፋያ ታይ 45 ባህት፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ። እዚያው ወደ ከተማው የአየር ላይ ባቡር (ቢቲኤስ) ይቀየራል። ሦስት ሆናችሁ ሻንጣ ከበዛ ግን ታክሲው ያዋጣል፦ ሚተሩ ከ35 ይነሳል፣ የኤርፖርት 50 ይጨመራል፣ የፈጣን መንገድ ክፍያም ተሳፋሪው ላይ ነው። ታክሲውን ምድር ላይ ካለው የቁጥር ማሽን ወረቀት አውጥታችሁ ያዙ፤ አዳራሹ ውስጥ ቀርቦ «ታክሲ?» የሚላችሁን እለፉት።

ከተማው ውስጥ በቱክቱክ ብንዞርስ?

ቱክቱክ ማለት ባጃጅ ነው፣ ብቻ ሚተር የለውም፤ ለቱሪስት የሚጠራው ዋጋም ብዙ ጊዜ ከታክሲ ይበልጣል። ፎቶ ተነሡበትና ውረዱ። የባንኮክ ርካሹ መንገድ ውሃው ነው።

ቢቲኤስ ይዛችሁ ሳፋን ታክሲን ጣቢያ ውረዱ፤ ሳቶርን የጀልባ ማቆሚያ ከሥሩ ነው። ለእናንተ የሚሆኑት ጀልባዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። ሰማያዊ ባንዲራ ያለው የቱሪስት ነው፤ ማቆሚያው ላይ ያሉት ሠራተኞች ፈረንጁንም እናንተንም ወደ እሱ ነው የሚጠቁሙት። ብርቱካናማ ባንዲራ ያለው የሕዝቡ ነው፣ የትም ብትወርዱ 16 ባህት። ወንዙ ያው ነው፣ ነፋሱም ያው ነው። ታ ቲየን ብትወርዱ የዋት ፎ ቤተ መቅደስ፣ ታ ቻንግ ብትወርዱ ታላቁ ቤተ መንግሥት፣ ፍራ አቲት ብትወርዱ ካኦ ሳን ጎዳና ናችሁ። ከመሸ በኋላ ስለማይሠራ የመመለሻ ሰዓታችሁን አስቡ።

ለፕራቱናም ነጋዴ ደግሞ የሴን ሴፕ ቦይ ጀልባ አለ። ፕራቱናም ተሳፍራችሁ ፓንፋ ትወርዳላችሁ፣ የቀድሞው ከተማ ጫፍ ላይ። ክፍያው ከ10 ባህት ገደማ ይጀምራል፤ ሂሳብ ሰብሳቢዋ በጀልባው ጠርዝ እየተራመደች መጥታ ትቀበላለች። ጀልባው ጨርሶ አይቆምም ማለት ይቻላል፣ ገመዱን ያዙና ቶሎ ዝለሉ። ጠርዝ የተቀመጠ ሰው የፕላስቲኩን መጋረጃ በገመድ ስቦ ማንሳት አለበት። ካላነሳ ቦዩ ይረጨዋል፤ ውሃው ደግሞ ልብስ ላይ የሚፈለግ አይደለም።

ሁሉም ቦታ ያስከፍላል፤ የትኛው ገንዘቡን ያክላል?

ታላቁ ቤተ መንግሥት 500 ባህት ነው፣ አንዴ ከመጣሽ ክፈዪ። ጠዋት 2፡30 ሲከፈት ግቢ፤ 4 ሰዓት ላይ የአስጎብኚ ቡድኖች ይሞሉታል፣ ፀሐዩም ይበረታል። ቁምጣ፣ እጅጌ የሌለው ልብስና የተቀደደ ጂንስ በር ላይ ይመልሳል። ነጠላ ትከሻ ላይ ጣል ማድረግ አይበቃም፣ ልብሱ ራሱ ትከሻን መሸፈን አለበት።

ሁለተኛ የምመርጠው ዋት ፎን ነው፦ 300 ባህት፣ 46 ሜትር የሚረዝም የተጋደመ ቡድሃ። ፊቱን ብቻ ፎቶ አንስተሽ አትውጪ፤ ወደ እግሩ ሂጂ፣ ውስጥ እግሩ ላይ በሉል ቅርፊት የተለበጡ 108 ምልክቶች አሉ። በጀርባው በኩል ሰዎች በተደረደሩት 108 የነሐስ ሳህኖች ውስጥ ሳንቲም ሲጥሉ የሚሰማው ድምፅ እንደ ዝናብ ነው። ዋት አሩን 200 ባህት ያስከፍላል፤ አመሻሽ ላይ ግን ከታ ቲየን በኩል ቆመሽ በነፃ ስታዪው ይበልጥ ያምራል። የወርቅ ተራራው (ዋት ሳኬት) 300 ከሚያልፍ ደረጃ በኋላ ከተማውን ያሳይሻል፣ ከፓንፋም በእግር ቅርብ ነው።

የቤተ መንግሥቱ በር ላይ አንድ ሰው «ዛሬ ዝግ ነው» ብሎ በ20 ባህት ሌላ ቦታ ላዙርህ አለኝ።

አሮጌ ማጭበርበሪያ ነው። ቱክቱኩ የሚያዞርህ ከጌጣጌጥና ከሱፍ ልብስ ሱቆች እያደረሰ ነው፤ ኮሚሽኑን የሚያገኘው ከዚያ ነው። «በግማሽ ዋጋ ገዝተህ አገርህ ትሸጠዋለህ» የሚባለው የከበረ ድንጋይም ዋጋውን አያወጣም። ትኬት መቁረጫው ድረስ ሂድና በዓይንህ እይ።

ጾም ላይ ነኝ፣ ምን ልብላ?

እናቴ፣ «አትክልት ብቻ» ማለት አይበቃዎትም። አትክልቱ የሚጠበሰው በዓሣ መረቅ ወይም በኦይስተር መረቅ ነው፣ እንቁላልም ሊገባ ይችላል። «ጄ» ይበሉ። ቢጫ ጨርቅ ላይ በቀይ የተጻፈበት ምግብ ቤት የዚህ ነው፦ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተት፣ እንቁላል የለም፤ ነጭ ሽንኩርት እንኳ አያስገቡም። ሐላል ለሚፈልግ ናና አካባቢ፣ ሱኩምቪት ሶይ 3 የአረብ ምግብ ቤቶች ሰፈር ነው። ለሌላው ሰው የገበያ ማዕከላት ምግብ አዳራሽ ይሻላል፤ አሶክ ያለው ተርሚናል 21 ውስጥ ካርድ ሞልተው ይበላሉ፣ የተረፈውን ሲወጡ ይመልሳሉ።

ነፃ የሆነ ነገርስ?

ሉምፒኒ ፓርክ፤ ሐይቁ ዳር ትልልቅ አርጃኖዎች ይንሸራሸራሉ፣ ካልነካሃቸው አይነኩህም። ቤንጃኪቲ የደን ፓርክ። የከተማው የጥበብ ማዕከል፣ ከኤምቢኬ የገበያ ማዕከል ፊት ለፊት፣ ዝናብ ሲጥል መጠለያም ነው። ቻቱቻክ ገበያ ቅዳሜና እሁድ።

የገዛሁት ብስኩት ላይ ማብቂያው 2569 ይላል። ስህተት ነው?

አይደለም። የቡድሃ ዘመን ነው፣ 543 ቀንሺለት፤ 2026 እ.ኤ.አ. ይመጣል። እኛ ወደ ኋላ፣ እነሱ ወደ ፊት። ማታ ላይ ግን እንገናኛለን፦ በጥንቱ አቆጣጠራቸው ፀሐይ ከገባች በኋላ ልክ እንደ እኛ 1፣ 2፣ 3 ብለው ይቆጥራሉ።