«ሲስተሙ አይሳሳትም» ያለኝን ባንክ እንዴት ልመነው?

ጥያቄ፦ ከሂሳቤ ላይ የማላውቀው ገንዘብ ተቀነሰ። ባንኩ ሄጄ ስጠይቅ «ሲስተሙ አይሳሳትም፤ ራስዎ አውጥተው ረስተውት ይሆናል» አሉኝ። ከብዙ ምልልስ በኋላ ገንዘቡ ተመለሰ። ግን ይቅርታ ያለኝ የለም፤ ምን እንደተፈጠረም አልነገሩኝም። አሁን ያለኝን ሁሉ አውጥቼ ቤቴ ላስቀምጥ እያሰብኩ ነው። ባንክ ብቻ አይደለም፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሰጠኝን ወረቀት እንኳ ማመን አቅቶኛል። አበዛሁት እንዴ?

መልስ፦ አላበዙትም። ባንክ ውስጥ በካሸርነት ሠርቻለሁ። ደንበኛ ስህተትን ይቅር ይላል። በስህተት ምክንያት ብቻ ሂሳቡን የዘጋ ሰው ያየሁት ጥቂት ነው። ተቀይመው የሚሄዱት «ስህተቱ የእርስዎ ነው» የተባሉት ናቸው። እርስዎንም የጎዳዎት የተቀነሰው ገንዘብ አይመስለኝም። ቃልዎ ከማሽን ቃል ማነሱ ነው።

ይህ ነገር የት ድረስ እንደሚሄድ የብሪታኒያ ፖስታ ቤት አሳይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ፉጂትሱ ያቀረበው «ሆራይዘን» የተባለ የሂሳብ ሶፍትዌር በየቅርንጫፉ ገባ። ሶፍትዌሩ ያልጎደለ ገንዘብ ጎድሏል ይል ነበር። ቅርንጫፎቹን የሚያስተዳድሩ ሰዎች ጉድለቱን ከኪሳቸው ሞሉ። እርዳታ ፈልገው ሲደውሉ ብዙዎቹ «ይህ ችግር የገጠመው እርስዎን ብቻ ነው» ተባሉ። ውሸት ነበር። በሆራይዘን መረጃ ላይ ተመሥርቶ ከ900 በላይ ሰዎች ጥፋተኛ ተብለዋል። የታሰሩ አሉ፤ ቤታቸውን ያጡ አሉ። ይህን ሳነብ አሁንም ያመኛል። እውነቱ መውጣት የጀመረው ተበዳዮቹ እርስ በርስ ሲገናኙ ነው። አለን ቤትስ የሚባል የቀድሞ የቅርንጫፍ ኃላፊ መርቷቸው 555 ሰዎች ክስ መሠረቱ። በ2019 ፍርድ ቤቱ ሶፍትዌሩ እንከን እንደነበረበት አረጋገጠ። በ2024 ደግሞ ፓርላማው ፍርዶቹን በሕግ ሻረ። ስለዚህ «ከእርስዎ በቀር ያማረረ የለም» ሲሉዎት እዚያው አይቀበሉ።

ገንዘቡን ወደ ቤት መውሰዱን ግን አልደግፍም። ቤት ውስጥ ያለ ገንዘብ ለሌባና ለእሳት የተጋለጠ ነው፤ ኑሮ በተወደደ ቁጥርም ዋጋው እየሟሸሸ ይሄዳል። እርግጥ ባንክም ቢሆን ያስቀመጡትን ሁሉ ካዝና ውስጥ አያቆየውም፤ አብዛኛውን ያበድረዋል። ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ልውሰድ ካለ አይችልም። ማርች 9 ቀን 2023 ሲሊከን ቫሊ ባንክ የተባለ የአሜሪካ ባንክ ደንበኞች 42 ቢሊዮን ዶላር ለማውጣት ጠየቁ፤ ባንኩ በማግስቱ ተዘጋ። ባንክ ሲወድቅ ለደንበኞቹ ገንዘባቸውን እስከ ተወሰነ መጠን የሚከፍለው የተቀማጭ ገንዘብ መድን የተፈጠረው ለዚህ ነው። አሜሪካ በሺዎች የሚቆጠሩ ባንኮች ከወደቁባት በኋላ በ1933 አቋቋመችው፤ ዛሬ ለአንድ ሰው በአንድ ባንክ እስከ 250,000 ዶላር ይሸፍናል። እርስዎም ባንክዎ መድን እንዳለውና እስከ ስንት እንደሚሸፍን ይጠይቁ። መድንም ቢሆን ቃል ኪዳን መሆኑን አልደብቅዎትም። ቆጵሮስ ውስጥ በ2013 ዋስትና ከተሰጠው ከ100,000 ዩሮ በታች ካለው ተቀማጭ እንኳ ሊቆረጥ ታቅዶ ነበር፤ ፓርላማው ባይጥለው ኖሮ።

አሁን ገንዘቡ ተመለሰ ብለው ዝም አይበሉ። ለሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ ይጻፉ። ገንዘቡ ለምን እንደተቀነሰ፣ ማን እንዳረመው፣ ሌላ ደንበኛ ላይ ደርሶ እንደሆነ ይጠይቁ። የሂሳብ መግለጫውን አያይዙ። ቅጂው ላይ የደረሰበትን ቀን አስጽፈው ማህተም ያስመቱ። በቃል የሚነገርዎትን መልስ አይቀበሉ፤ ቃል ነገ ይካዳል። ዝም ካሉ ባንኮችን ለሚቆጣጠረው አካል በዚያው ቅጂ ያመልክቱ። የመሥሪያ ቤቱንም ወረቀት እንደዚሁ ያድርጉ፤ ማን እንደፈረመበት፣ በየትኛው መዝገብ እንደሚገኝ ይጠይቁ።

ባንኩ ምክንያቱን በጽሑፍ ከነገረዎት እዚያው ቢቆዩ ቅር አይለኝም። እምቢ ካለ ሂሳብዎን ዘግተው ወደ ሌላ ባንክ ያዛውሩት። ሲዘጉም ለምን እንደሄዱ ጽፈው ይስጧቸው።