ወሳኙ ወንጀሉ የተፈጸመበት ቀን ነው

«በ17 ዓመቱ ሰው የገደለ ልጅ፣ ፍርዱ የተሰጠው 20 ዓመት ከሞላው በኋላ ከሆነ በሞት ሊቀጣ ይችላል ወይ?» ብለው ለጠየቁት፦ በዓለም አቀፍ ሕግ አይችልም። የሚቆጠረው ድርጊቱን በፈጸመበት ቀን የነበረው ዕድሜ እንጂ ችሎት ፊት የቆመበት ዕድሜ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 የጸደቀው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 6 እና የ1989ኙ የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 37 ይህንኑ ይደነግጋሉ። ስለዚህ ልጁን 18 ዓመት እስኪሞላው እስር ቤት አቆይቶ መስቀል ሕግ ማክበር ሳይሆን ሕጉን መሸሽ ነው፤ በእኔ እምነት እጅግ ጨካኝ ሽሽት ነው።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከ18 ዓመት በታች ሳሉ ወንጀል የፈጸሙትን በሞት መቅጣት የከለከለው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ ያውም በ5 ለ4 ድምፅ። ምክንያቱን ልብ ይበሉ፦ ልጆች ችኩሎች ናቸው፣ ለሌሎች ግፊት በቀላሉ ይንበረከካሉ፣ ጠባያቸውም ገና አልጸናም። ኢራን ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው የወንጀል ሕግ ነገሩን ዳኛው ስለ ልጁ ብስለት በሚሰጠው ግምት ላይ ጥላዋለች፤ ከዚያ በኋላም በልጅነታቸው በፈጸሙት ወንጀል የተሰቀሉ አሉ።

የልደት ማስረጃ ከሌለስ? የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ ጥርጣሬው ለተከሳሹ ጥቅም እንዲተረጎም ያሳስባል።

የሟች ቤተሰብ ሐዘን አይረሳኝም። ልጁ ይጠየቃል፣ ይታሰራልም። ያው አንቀጽ 37 ግን የመፈታት ተስፋ የሌለውን የዕድሜ ልክ እስራትም ይከለክላል።