ሜድ ሬፕ የሰጠህን ብሮሹር እንዴት ታነበዋለህ?

ወንድሜ ዶክተር፣ ጥያቄህን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። "አንድ ሜድ ሬፕ የአዲስ ብራንድ ስታቲን ብሮሹር ሰጠኝ፣ ሃርት አታክን በዚህን ያህል በመቶ ይቀንሳል ይላል፣ ከሥሩ ትልልቅ ጆርናሎች ተደርድረዋል፣ ምኑን ልመን?" ነው ያልከው። (ለማያውቅ፦ ሜድ ሬፕ ማለት መድኃኒት የሚያስተዋውቅ የካምፓኒ ተወካይ ነው፣ ስታቲን ደግሞ ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒት።) ኢንተርናል ሜዲስን ነው የምሠራው፣ ኦፒዲ (ተመላላሽ ክፍል) ላይ ከሬፖች ጋር ብዙ ተነጋግሬያለሁ። ስለዚህ ትንሽ ረዘም ላድርገው።

ብሮሹር ሲሰጡህ በትልቁ የተጻፈውን ለጊዜው ተወው። ከታች ጀምር። በደቃቁ የተጻፈው ላይ ኮከብ ምልክቱን ፈልግና ጥናቱ በማን ላይ እንደተሠራ፣ መድኃኒቱ ከምን ጋር እንደተወዳደረ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደተከታተሉ፣ ከመቶ ሰው ስንቱ እንደተጠቀመ እይ። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከሌለ ያ ወረቀት ገና ምንም አልነገረህም ማለት ነው።

በመቶኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ሊፒተር፣ ማለትም አቶርቫስታቲን የሚባለው ስታቲን፣ አሜሪካ ውስጥ ሃርት አታክን በ36 በመቶ ይቀንሳል ተብሎ ነበር የሚተዋወቀው። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። በ2003 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ላንሴት የሚባለው የሕክምና ጆርናል ላይ ከወጣው አስኮት ከሚባለው ጥናት የተወሰደ ነው። ግን ማስታወቂያው ራሱ በኮከብ ምልክት ሥር ያስቀመጠው ሌላ ቁጥር አለ፦ ፕላሴቦ (መድኃኒት የሌለበት እንክብል) ከወሰዱት 3 በመቶው፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 2 በመቶው ሃርት አታክ ደረሰባቸው። ስለዚህ ሦስት ዓመት ከምናምን ለመቶ ሰው ብትሰጥ አንዱን ከሃርት አታክ ታድናለህ ማለት ነው። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፣ ግን ሐኪሙ ፊት በትልቁ የሚጻፈው ሁልጊዜ የመጀመሪያው ነው። ደግሞ እነዚያ ሰዎች የደም ግፊት ያለባቸው፣ በዚያ ላይ ቢያንስ ሦስት ሌላ ሪስክ ፋክተር (ለልብ ሕመም የሚያጋልጥ ነገር) የነበራቸው ናቸው። አንተ ፊት የተቀመጠችው የ38 ዓመት እናት ግፊት የላትም፣ ስኳር የላትም፣ ኮሌስትሮሏ ብቻ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ለእሷ ጥቅሙ ከመቶ አንድም ላይደርስ ይችላል። በተቃራኒው አንዴ ሃርት አታክ የደረሰበት ሰው ከሆነ ጥቅሙ በጣም ትልቅ ነው፣ እሱን እንዳትከለክለው። ስታቲን መጥፎ ነው እያልኩህ አይደለም። ለማን የሚለውን ጥያቄ ብሮሹሩ እንዲመልስልህ አትፍቀድለት ነው የምልህ።

ሁለተኛው ነገር ተወዳዳሪው ነው። ኢሶሜፕራዞል የሚባለው የጨጓራ አሲድ መቀነሻ ገበያ ላይ ሲወጣ የቀድሞውን ኦሜፕራዞልን በለጠ የተባለበትን ጥናት እይ። የኢሶፋገስ (የምግብ ቧንቧ) ቁስል በ8 ሳምንት ውስጥ የዳነላቸው በኢሶሜፕራዞል 94 በመቶ፣ በኦሜፕራዞል 87 በመቶ ነበሩ። ጥሩ ልዩነት ይመስላል። ዶዙን ስታይ ግን አንዱ 40 ሚሊግራም፣ ሌላው 20 ሚሊግራም ነው። እዚያው ጥናት ውስጥ 20 ሚሊግራም ኢሶሜፕራዞል የወሰዱት 90 በመቶ ገደማ ነበሩ፣ ልዩነቱ ወዲያው ይጠባል። አሁን 94 እና 87ን ከ80 በሚጀምር ግራፍ ላይ ሳላቸው። አንዱ ባር የሌላውን እጥፍ ያክላል። ለዚህ ነው ግራፍ ሳይ ቀድሜ በግራ በኩል ያለው ቁጥር ከዜሮ መጀመሩን የማየው፣ አንተም ልማድ አድርገው።

ከሥር የተደረደረው ሪፈረንስም አያስፈራህ። ስፔን ውስጥ ተመራማሪዎች በጆርናሎች ላይ የወጡ የግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒት ማስታወቂያዎችን ሰብስበው፣ ሪፈረንሳቸውን እያወጡ አንድ በአንድ አመሳከሩ። በ2003 ላንሴት ላይ ወጥቷል። ካገኟቸው 102 ማጣቀሻዎች ውስጥ 45ቱ ማስታወቂያው ያለውን አይደግፉም ነበር። ብዙ ጊዜ ችግሩ ጥናቱ የተሠራበት ሕመምተኛ ሌላ፣ ማስታወቂያው ስጡት የሚለው ሕመምተኛ ሌላ መሆኑ ነው። "ዳታ ኦን ፋይል" የሚል ካየህ ደግሞ ካምፓኒው እጅ ያለ፣ አንተ ከፍተህ ልታነበው የማትችለው ነገር ነው። እኔ እንደሌለ ነው የምቆጥረው።

የጎንዮሽ ጉዳቱን ፈልገህ አንብብ፣ ይህ ቀልድ አይደለም። ቫዮክስ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ አስታውስ። በ2000 የታተመው ቪጎር የሚባለው ጥናት ናፕሮክሰን ከሚባለው ሌላ ማስታገሻ ጋር ሲወዳደር የጨጓራ ችግር እንደሚቀንስ አሳየ፣ የሃርት አታክ ቁጥር ግን ቫዮክስ በወሰዱት ላይ በብዙ እጥፍ ከፍ ብሎ ታየ። ካምፓኒው ናፕሮክሰን ልብን ስለሚጠብቅ ነው የሚል ማብራሪያ ይዞ ሐኪሞች ዘንድ ሄደ። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በመስከረም 2001 የልቡን አደጋ አሳንሳችሁ እያስተዋወቃችሁ ነው ብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈለት። መድኃኒቱ ከገበያ የወጣው ግን ገና በመስከረም 2004 ነው። በመሀል ስንት ሰው ለጉልበት ሕመም ብሎ እንደዋጠው አስበው። ጥቅሙ በመቶኛ፣ ጉዳቱ ደግሞ "አልፎ አልፎ" በሚል ቃል ከተጻፈልህ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ቁጥር ንገሩኝ በል።

"እኔ በእስክሪብቶና በምሳ አልደለልም" የምትሉ አላችሁ፣ ኮሜንት ላይ አይቻለሁ። በ2001 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ሬዚደንቶችን፣ ማለትም ስፔሻላይዝ የሚያደርጉ ሐኪሞችን፣ ስለ ሬፖችና ስለ ስጦታቸው ጠይቆ ነበር። 61 በመቶው እኔ ላይ ተጽዕኖ የለውም አሉ። ሌሎቹ ሐኪሞችስ ሲባሉ ግን እንደዚያ ያሉት 16 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በአማካይ ከ20 ዶላር በታች የሆነ አንድ ግብዣ እንኳ የተቀበሉ ሐኪሞች ያንን ብራንድ ይበልጥ እንደሚያዙ አሳይቷል። ምሳው ነው ያሳዘዛቸው ብሎ አያረጋግጥም፣ ግንኙነቱን ነው ያሳየው። ለእኔ ግን ምሳውን ለመተው በቂ ነው።

እዚህ አገር ነገሩ ከሕመምተኛው ኪስ ጋር ስለሚያያዝ ይብሳል። አንድ አባት ግፊታቸው 190 ሆኖ መጡ። መድኃኒት አቁመዋል። ለምን ስላቸው ከኪሳቸው የተጣጠፈች ማዘዣ አወጡ፣ ላይዋ ላይ የአምሎዲፒን ብራንድ ስም ብቻ ነው የተጻፈው። መጀመሪያ ሳምፕል ተሰጥቷቸው ነበር፣ ሲያልቅ ሦስት ፋርማሲ ዞረው "ይህ የለም" ተባሉ፣ አንድ ቦታ ቢያገኙት ዋጋው ከአቅማቸው በላይ ሆነ። ያው አምሎዲፒን በጄነሪክ፣ ማለትም ያለ ብራንድ ስም፣ ሆስፒታላችን ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ነበር! በጄነሪክ ስም እዘዝ የምልህ ለዚህ ነው። ሳምፕል ስትሰጥም ነገ ሲያልቅ ከየት ይገዙታል ብለህ ቀድመህ ጠይቅ።

ሬፖቹን አታመናጭቃቸው። አብዛኞቹ ፋርማሲስቶች ናቸው፣ የሙያ አጋሮቻችን ናቸው፣ ግን የሽያጭ ታርጌት አለባቸው። ሲመጣ ሙሉ ጽሑፉን እንዲያመጣልህ ጠይቀው፣ ማጠቃለያውን ብቻ አይደለም። የወር ዋጋውን ፋርማሲያችን ካለው ስታቲን ጋር አወዳድርልኝ በለው። እሱ እስኪመለስ ስታንዳርድ ትሪትመንት ጋይድላይኑን (የሕክምና መመሪያውን) ገልጠህ እይ። የሚያሳስት ማስታወቂያ ነው ካልክ ደግሞ ጉዳዩ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ስለሆነ ሪፖርት ማድረግ ትችላለህ።

አሁን የብሮሹሩን ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፈው፣ በተለይ ሪፈረንሱ ያለበት ጥርት ብሎ ይታይ። ማታ ከዲዩቲ ስወጣ ጽሑፎቹን እፈልጋቸውና አብረን እናያቸዋለን።