በስድስት ሰዓት ካሜራችሁን አትክተቱ

ውድ ልጆቼ፣

ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ፎቶ ስትሠሩ አያችኋለሁ። በማለዳ ትመጣላችሁ። ፀሐይዋ ከረር ስትል ካሜራችሁን ሸክፋችሁ ጥላ ፍለጋ ትሄዳላችሁ። አልፈርድባችሁም። እኔም ሐዋሳ ውስጥ ፎቶ እያነሳሁ ልጆች ያሳደግኩት በዚሁ ልማድ ነው። የቀትር ፀሐይ ዓይን ሥር ጥላ ትጥላለች፣ ሰማዩን ታገረጣዋለች፣ ሙሽሮቹን በላብ ታጠምቃለች። ለተለመደው ፎቶ አትሆንም።

ግን እናንተ ካሜራችሁን በምትከቱበት በዚያው ሰዓት ሐይቁ ዳር ዓይናችን የማያየው ሌላ ብርሃን አለ። በዚያ ብርሃን ያነሳችሁት ዋርካ እንደ ባዘቶ ይነጣል። ከኋላው ያለው ሰማይ ይጠቁራል። ውሃውም ሬንጅ ይመስላል። ኢንፍራሬድ ፎቶ የሚባለው ይህ ነው። እኔ የደረስኩበት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። እናንተ በጊዜ ብትጀምሩት ደስ ይለኛል፤ ለዚህ ነው የምጽፍላችሁ።

መጀመሪያ ብርሃኑን እንወቀው። ዓይናችን የሚያየው የሞገዱ ርዝመት በግምት ከ400 እስከ 700 ናኖ ሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ) የሆነውን ነው። ሐምራዊው 400 አካባቢ፣ ቀዩ 700 አካባቢ ነው። ከቀዩ ወዲያ ያለውን አናየውም። ዊልያም ኸርሸል የተባለ የከዋክብት ተመራማሪ በ1800 እ.ኤ.አ. የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር አስቀመጠ። ከቀዩ አልፎ፣ ምንም በማይታይበት ቦታ ላይ የነበረው ቴርሞሜትር ከሁሉም በላይ ሞቆ ተገኘ። ብርሃኑ እንዳለ የታወቀው በዚህ ነው።

የካሜራችሁ ሴንሰር (ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) ይህን ብርሃን እስከ 1100 ናኖ ሜትር ገደማ ማየት ይችላል። ሠሪዎቹ ግን ቀለም እንዳያበላሽባቸው ሴንሰሩ ፊት የሚከለክል መስታወት ያደርጉበታል። ከሙቀት ጋር ደግሞ አታምታቱት። በኮሮና ጊዜ ግንባራችን ላይ እየደቀኑ ይለኩበት የነበረው መሣሪያ የሚያነበው ሞገድ ከዚህ በአሥር እጥፍ የሚረዝም ነው። እኛ የምናነሳው ከፀሐይ መጥቶ ከቅጠሉ ላይ የሚመለሰውን ብርሃን ነው።

ካሜራችሁ ይህን ብርሃን ያይ እንደሆነ ለማወቅ ምንም አትግዙ። የዲሽ ሪሞት ይበቃል። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ከልጅ ልጄ ጋር ሻማ አብርተን ተቀምጠን ነበር። ሪሞቱን አነሳሁና ጫፉን ወደ ስልኬ ካሜራ አዙሬ ቁልፉን ስጫን፣ ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ ነጥብ ብልጭ ድርግም አለች። ወደ ሪሞቱ ስታይ የለም፣ ወደ ስልኩ ስታይ አለ። ልጅቷ ሪሞቱን ከእጄ ቀምታ ሻማው እስኪያልቅ ስትሞክር አመሸች። የስልካችሁ የኋላ ካሜራ ካላሳያችሁ በፊተኛው ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ እሱ ይሻላል። ፎቶ የምታነሱበትን ካሜራም በዚሁ ፈትኑት። ነጥቧ ፏ ብላ ከታየች እድለኞች ናችሁ። ፈዛዛ ከሆነች ትዕግሥት ይጠይቃችኋል።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው የሚታየውን ብርሃን አስቀርቶ ኢንፍራሬዱን የሚያሳልፍ ፊልተር ነው። ለጀማሪ 720 ናኖ ሜትር የሚባለውን እመክራለሁ። ሆያ አር 72 የሚባለው የታወቀው ነው። ስታዩት ጥቁር መስታወት ነው፣ ምንም አያሳይም። እዚህ በቀላሉ አይገኝም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ አስመጡ። ስታስመጡ ለትልቁ ሌንሳችሁ የሚሆነውን አስመጡና ለትንንሾቹ ማገናኛ ቀለበት ግዙ። ቀለበቱ ርካሽ ነው፣ ፊልተሩ ግን ለሦስት ለአራት ሰው ይሆናል። አንድ ነገር ደግሞ አደራ እላችኋለሁ። ይህን መስታወት ዓይናችሁ ላይ አድርጋችሁ ፀሐይን እንዳታዩ። ጨለማ ስለሚመስል ዓይን አይጨፈንም፤ የማይታየው ብርሃን ግን ገብቶ ያቃጥላል።

ባልተነካ ካሜራ ስትሠሩ ብርሃኑ የሚገባው በጣም በጥቂቱ ነው። በጠራ ቀትር አይኤስኦ (የሴንሰሩ ለብርሃን ያለው ንቃት) 200፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ይጠባል) 8 ላይ አድርጋችሁ ከ15 እስከ 30 ሴኮንድ ድረስ ሻተሩን መክፈት ሊኖርባችሁ ይችላል። ስለዚህ ስታንድ ግድ ነው። ፎከስ የምታደርጉት ፊልተሩን ከመግጠማችሁ በፊት ነው። የሐይቁን ንፋስም ልብ በሉ፤ ቅጠሉን ካወዛወዘው 20 ሴኮንድ ውስጥ ዛፉ ጭስ ይሆናል።

ፎከሱ እኔን ብዙ ዋጋ አስከፍሎኛል። ኢንፍራሬድ ከምናየው ብርሃን ጋር አንድ ቦታ ላይ አያርፍም፤ ትንሽ ወደ ኋላ ሄዶ ነው የሚሰበሰበው። በአሮጌ ሌንሶች ላይ ከርቀት መስመሩ ጎን ያለችው ትንሽ ቀይ ነጥብ ለዚሁ የተደረገች ናት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሳያት ለጌጥ ትመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያው ባለበት አሞራ ገደል ግማሽ ቀን ቆሜ ወደ አርባ የሚጠጋ ፎቶ አነሳሁ። ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ሳሰፋው አንዱም አልጠራም። ጀልባው፣ መረቡ፣ ሾላው ላይ ያለው ጉሬዛ፣ ሁሉም ብዥ ብሏል። ያን ማታ እራት አልበላሁም። የእናንተ ካሜራ በስክሪኑ፣ ማለትም በራሱ በሴንሰሩ ፎከስ የሚያደርግ ከሆነና የሚከለክለው መስታወት ከወጣለት ይህ ችግር የለባችሁም። ካልሆነ ነጥቧን ፈልጉ፤ አፐርቸሩንም 8 አካባቢ ያዙት። ከ11 አትለፉ፤ ኢንፍራሬድ ሞገዱ ስለሚረዝም በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበልጥ ይደበዝዛል።

ሌንሱን ራሱንም ፈትኑት። አንዳንዱ ለቀለም ፎቶ ግሩም ሆኖ በኢንፍራሬድ ግን መሐሉ ላይ ነጣ ያለ ክብ ያወጣል። አፐርቸሩን ስታጠቡት ይብሳል። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚመጣው ርካሹ የኪት ሌንስ ከውዱ ሊበልጥ ይችላል።

ሥራው ልባችሁ ውስጥ ከገባ አንድ አሮጌ ካሜራ ለዚህ ብቻ አስለውጡ። መከልከያው መስታወት ወጥቶ በቦታው የኢንፍራሬድ ፊልተር ይገባለታል። ያኔ ስታንድ የለም፣ 30 ሴኮንድ የለም፤ በእጃችሁ ይዛችሁ ታነሳላችሁ። ቁም ሣጥን ውስጥ የተረሳ የድሮ ኒኮን ዲ 70 ቢሆንም ይበቃል። ግን የማያውቅ ሰው እጅ አታስገቡት። እኔ የመጀመሪያዬን የሰጠሁት ባለሙያ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አሽጎ መለሰልኝ፤ በሁሉም ፎቶ ሰማይ ላይ ያው አንድ ጥቁር ነጠብጣብ ነበረ። ራሳችሁም ቤት ውስጥ በካቻቢቴ እንዳትከፍቱት። የፍላሹ ካፓሲተር ባትሪው ወጥቶም ኃይል ይዞ ይቆያል፤ ክፉኛ ይመታል።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። ብዙዎቻችሁ ስልክ ላይ ባለ ዝግጁ ማጣሪያ ተራ ፎቶ ነጭ አድርጋችሁ "ኢንፍራሬድ" ስትሉት አይቻለሁ። አረንጓዴውን ሁሉ ነጭ ማድረግ ኢንፍራሬድ አይደለም። አረንጓዴ የተቀባ በርና አረንጓዴ ቅጠል ለዓይን አንድ ናቸው። በዚህ ብርሃን ግን ቅጠሉ ይነጣል፣ በሩ ግን እንደ ቀለሙ ዓይነት ሊጠቁር ይችላል። ማጣሪያው ይህን አያውቅም። የሚያውቀው ብርሃኑ ነው። እናንተም የምትማሩት ቆማችሁ ስታዩት ነው።

ቅጠል ለምን ይነጣል? አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል ቀዩንና ሰማያዊውን ብርሃን ለምግቡ ይውጠዋል። ኢንፍራሬዱን ግን አይነካውም፤ ያሳልፈዋል። ብርሃኑ ቅጠሉ ውስጥ ባሉት ሴሎችና በመሐላቸው ባለው አየር እየተጋጨ ተመልሶ ይወጣል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዉድ በ1910 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ ፎቶዎችን አሳትሞ ስለነበር የቅጠሉ መንጣት እስከ ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል። ሳተላይቶችም በዚሁ ነው እርሻን የሚያዩት፤ ጤነኛ ሰብል ብዙ ይመልሳል፣ የታመመው ይቀንሳል። ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የአገራችን ሳተላይት አንዱ ሥራዋ ይኸው ነበር።

ይህን ካወቃችሁ አገሩ ሁሉ ሌላ ይሆንባችኋል። ወደ ወንዶ ገነት መንገድ ላይ ውረዱና እንሰት ፊት ቁሙ። ያ ሰፊ ቅጠል ቀትር ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት፣ ፎቶው ላይ ከጎጆው በላይ ነጭ ሸማ የተዘረጋ ይመስላል። ሰማዩ የሚጠቁረው ረጅሙ ሞገድ በአየሩ ብዙ ስለማይበተን ነው፤ ስለዚህ ነጭ ደመና ያለበትን ቀን ምረጡ። ውሃው ኢንፍራሬድን ይውጣል። አባ ኮዳዎቹ ከዚያ ጥቁር ውሃ ዳር ሲቆሙ እያንዳንዱ ላባቸው ይቆጠራል።

አሞራ ገደል አንድ የማውቃቸው ዓሣ አስጋሪ አባት አሉ። ሁልጊዜ ጥቁር ጃኬት ነው የሚለብሱት። ቆሮሶውን ከመረብ ሲያላቅቁ አነሳኋቸው። ፎቶው ላይ ጃኬቱ አመድማ ነጭ ሆኖ ወጣ። ብዙ የፋብሪካ ጥቁር ቀለም ለዓይን ብቻ ነው ጥቁር፤ ኢንፍራሬዱን ይመልሰዋል። እጃቸው ደግሞ እንደ ወተት ለስልሶ፣ የደም ሥራቸው ከሥሩ ይታያል። አትሜ ስሰጣቸው ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። "የልጅነት እጄ ነው" አሉኝ።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይህ ብርሃን አንዳንድ ስስ ልብስን ያልፋል። በ1998 እ.ኤ.አ. ሶኒ በጨለማ የሚቀርጽ የቪዲዮ ካሜራውን በዚሁ ምክንያት ማስተካከል ግድ ሆኖበት ነበር። ሰውን ሳታስፈቅዱ አታንሱ። ያነሳችሁትንም ለሌላ ከማሳየታችሁ በፊት ለራሱ አሳዩት። ሙሽሮችንም ቢሆን አንድ ሁለት ፎቶ ብቻ፣ ነግራችሁ አንሱ፤ ዓይን በጣም ስለሚጠቁር የማይወደው ሰው አለ።

ኤዲቱ አጭር ነው። በሮው (ካሜራው ባላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) አንሱ። ዋይት ባላንሱን (የነጭ ቀለም ማስተካከያውን) ካሜራው ላይ ፀሐይ በመታው ሣር ወይም ቅጠል ውሰዱ። ይህን ካላደረጋችሁ ፎቶው ቀይ በቀይ ይሆናል። ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማረሚያ ውስጥ የቀለም ሙቀት መለኪያው 2000 ላይ ስለሚያበቃ ቀዩ አልለቅ ይላችኋል። አዶቢ በነፃ በሚሰጠው የዲኤንጂ ፕሮፋይል ኤዲተር ለካሜራችሁ አንድ ፕሮፋይል (የቀለም አነባበብ ማስተካከያ) ሠርታችሁ ላይትሩም ውስጥ አስገቡ፤ አንዴ ነው የሚሠራው። ከዚያ ቅጠሉ ነጣ፣ ሰማዩ ዝገት የመሰለ ቡኒ ይሆናል። ሰማዩን ሰማያዊ ለማድረግ ቻናል ሚክሰር የሚባለውን የቀለም ማቀያየሪያ ክፈቱ። ፎቶሾፕም አለው፣ በነፃ የሚገኘው ጊምፕም አለው። ቀዩ ቻናል ላይ ቀዩን 0፣ ሰማያዊውን 100 አድርጉ። ሰማያዊው ቻናል ላይ ገልብጡት፤ ቀዩን 100፣ ሰማያዊውን 0። በቃ።

እኔን ብትሰሙኝ ግን የመጀመሪያዎቹን ወራት በጥቁርና ነጭ ብቻ ሥሩ። ቀለሙ ያስደስታል፣ ቶሎም ያታልላል። ጥቁርና ነጭ ላይ የደከመ ፎቶ መደበቂያ የለውም። ደግሞ እናንተ ያነሳችሁትን ወዲያው ታያላችሁ። በፊልሙ ዘመን የኮዳክ ኢንፍራሬድ ፊልም ካሜራ ውስጥ የሚገባው ድፍን ጨለማ ውስጥ ነበር፤ ውጤቱም የሚታወቀው ከታጠበ በኋላ ነው። ኮዳክ በ2007 እ.ኤ.አ. ማምረቱን ሲያቆም የዚህ ዓይነት ፎቶ አበቃ ያሉ ነበሩ።

መስከረም ላይ ዝናቡ ቆሞ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ነው፣ ደመናውም ይከመራል። ያኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት አሞራ ገደል ከትልቁ ሾላ ሥር አትጡኝ። ፊልተሬ 77 ሚሊ ሜትር ነው። የሌንሳችሁን ልክ አይታችሁ ቀለበት ይዛችሁ ኑ፣ በየተራ እንጠቀምበታለን።