ጥቁር ልብስ ፎቶ ላይ ለምን አመድ ይመስላል?

"ጥቁር ልብስ የለበሰ ሰው ሳነሳ ልብሱ አመድ ይመስላል፤ ኤዲት ላይ ኮንትራስት ስጨምር ደግሞ እጥፋቱ ሁሉ ይጠፋል" ላልከው፦ ወንድሜ፣ የሁለቱ መነሻ የተለያየ ስለሆነ ለየብቻ እንያቸው።

አመድ የሚያስመስለው በአብዛኛው የካሜራው ብርሃን መለኪያ ነው። ከፊት ለፊቱ ያለው ነገር ጥቁር ይሁን ነጭ አያውቅም፤ ሁሉንም መካከለኛ ግራጫ ሊያደርገው ይሞክራል። ጥቁር ልብስ ፍሬሙን ሲሞላው የጨለመበት መስሎት ብርሃን ይጨምራል፤ ልብሱ ይገረጣል፣ ፊትም ከልክ በላይ ይነጣል። ኤክስፖዠር ኮምፔንሴሽኑን (ካሜራው የመረጠውን ብርሃን የምትጨምርበትና የምትቀንስበትን ማስተካከያ) ወደ −1 አውርድ፤ ልብሱ አብዛኛውን ፍሬም ከያዘ −1.7 ድረስ ሂድ። ከመካከለኛው ግራጫ 2 ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ሲወርድ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል) የወረደ ጥቁር የጨርቁን ሸካራነት ገና ያሳያል፤ 5 ሲወርድ ግን ጨርቅ መሆኑም አይታወቅም።

የሰውዬው ፊት ልክ ሆኖ ሂስቶግራሙ (የፎቶውን ብርሃን ከጨለማ እስከ ብሩህ የሚያሳየው ግራፍ) በግራ፣ ማለትም በጨለማው በኩል ባዶ ከቀረ፣ ጥፋቱ የመለኪያው አይደለም። ሌንሱ ላይ የጣት አሻራ ወይም ፊት ለፊት የሚገባ ብርሃን አለ ማለት ነው። ጥረገው፣ ሁድ (የሌንስ ጥላ መከለያ) አድርግበት።

ወደ እጥፋቱ ስንመጣ፣ የኮንትራስት ስላይደር ብሩሁን ወደ ላይ፣ ጨለማውን ወደ ታች ይጎትታል። የእጥፉ ጫፍ የብሩህነት ቁጥር 40፣ የጎድጓዳው 12 ከሆነ ዓይን ይለየዋል፤ ሁለቱም ወደ 8 እና 3 ሲወርዱ ብዙ ስክሪን ላይ አንድ ጥቁር ይሆናሉ። ስለዚህ ኮንትራስቱን 0 ላይ ተወው። መጀመሪያ ኤክስፖዠሩን በፊቱ ልክ አስተካክል። ቀጥሎ ላይትሩም (የፎቶ ኤዲት ፕሮግራሙ) ላይ አልት ተጭነህ ብላክስን፣ ማለትም የጥቁሩን ስላይደር፣ ቀስ እያልክ አውርድ፤ ስክሪኑ ነጭ ይሆንና ሙሉ በሙሉ የጠቆረው ቦታ ብቻ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ነጠብጣቡ ብብት ስርና ጥልቁ እጥፋት ውስጥ ብቻ ሲታይ አቁም። ከዚያ ሻዶውስን (የጥላውን ስላይደር) ከ15 እስከ 25 ከፍ አድርግ፤ ከዚያ ካለፈ አመዱ ይመለሳል።

ይህ ሁሉ በሮው (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ስታነሳ ነው። 14 ቢት ሮው 16,384 ደረጃዎች አሉት፤ ግማሹን የሚወስደው ከሁሉ ብሩህ የሆነው አንድ ስቶፕ ነው፣ ወደ ታች በወረድክ ቁጥር በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። ለጥላው የሚተርፈው ጥቂት ነው። 256 ደረጃ ብቻ ባለው ጄፔግ ጥላውን ስታበራው ኖይዝ (ነጠብጣብ ሻካራነት) እና መስመር መስመር የሚወጣው ለዚህ ነው።

ከኤዲቱ በላይ ግን ብርሃኑ ላይ ብትደክም ደስ ይለኛል። ጥቁር ጨርቅ ቅርጹ የሚታወቀው ከላዩ በሚያንጸባርቀው ብርሃን ነው። ከካሜራው አናት ፊት ለፊት የሚመታ ፍላሽ ጠፍጣፋ ያደርገዋል። መብራቱን ወደ ጎን፣ ትንሽም ወደ ኋላ አዙረው፤ የእያንዳንዱ እጥፍ ጠርዝ ላይ ቀጭን የብርሃን መስመር ይወጣል። ሳቲን ከሆነ ቶሎ ስለሚያበራ መብራቱን በሶፍትቦክስ (ብርሃኑን በሚያሰራጭ የጨርቅ ሳጥን) አለስልሰው። ቬልቬት ብርሃን ስለሚውጥ ጠጋ አድርገው።