በጠበቃ ቢሮ ለቃለ መጠይቅ መዘጋጀት

ጥያቄ፦ በሕግ ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ነው። ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የጠበቃ ቢሮ ለረዳትነት ስጠየቅ፣ «ባለጉዳይ የ12 ዓመት የብድር ውል ይዞ ቢመጣ ምን ትለዋለህ?» ተባልሁና «በይርጋ ታግዷል» (ማለትም መክሰሻው የጊዜ ገደብ አልፏል) ብዬ መለስሁ፤ ጠያቂው ፈገግ ብሎ አለፈኝ። አሁን ደግሞ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ተጠርቻለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መልስዎ የተሳሳተው በችኮላው ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1845 የ10 ዓመት ይርጋ መኖሩ እውነት ቢሆንም፣ ጊዜው የሚቆጠረው ዕዳው ሊከፈል ከሚገባበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ተበዳሪው በመካከሉ ጥቂት ብር ከፍሎ ወይም ዕዳውን አምኖ ከሆነም ቆጠራው ይቋረጣል፤ ፍርድ ቤቱም በራሱ አነሳሽነት ይርጋን አያነሳም። ስለዚህ ጥሩ ረዳት መጀመሪያ «መክፈያው ቀን መቼ ነበር? ከዚያ ወዲህስ የከፈለዎት ነገር አለ?» ብሎ ባለጉዳዩን ይጠይቃል። ጠያቂዎ የፈለጉትም ይህንኑ ጥያቄ ይመስለኛል።

ከመሄድዎ በፊት ስለ ክስ ማመልከቻ ይዘትና አባሪዎች የሚናገሩትን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉን ቁጥር 222 እና 223 ደጋግመው ያንብቡ፤ በራስዎ እጅ የጻፉትን አንድ የክስ ማመልከቻም ይያዙ፤ የሠሩት ከእውነተኛ መዝገብ ከሆነ ግን ስሞቹን ይለውጡ። ደሴ ሰው ሁሉ የሚተዋወቅባት ከተማ ናትና በልምምድ ጊዜ ያዩትን የሰው ጉዳይ በስም ጠርቶ ማውራት ከየትኛውም ስሕተት ይብሳል።

ስለ አለባበስ ብዙ አልልም፤ ንጹሕ ኮት ይበቃል፣ ክረምት ከሆነ ግን ጫማዎን ደጃፉ ላይ ይጥረጉ።