ፕላዛ ውስጥ ሱቅ ከመከራየታችሁ በፊት

በዲሲ ዙሪያ የሚኖር ሐበሻ ኑሮው ፓርኪንግ ሎት ላይ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይደለም። እንጀራ የምንገዛው፣ ፀጉር የምንሠራው፣ ታክስ የምናስሞላው፣ ብር የምንልከው መንገድ ዳር ካለ ፕላዛ ነው። ታዲያ ብዙዎቻችን አንድ ቀን "እኔስ ለምን አልከፍትም?" ማለታችን አይቀርም። ይህን ያሰባችሁ ሰዎች እስቲ ስሙኝ።

ሱቅ ሊከፍት የተነሣ ሰው ሲያማክረኝ ስለ ሙያው ብዙ ያወራል። ስለ ምግቡ፣ ስለሚያወጣው ስም፣ ስለ ግድግዳው ቀለም። ስለ ፕላዛው ስጠይቀው ግን "ኪራዩ ርካሽ ነው፣ ፓርኪንግም አለው" ብሎ ያበቃል። እኔ እስካየሁት ድረስ ጎበዝ ነጋዴን ከጨዋታ ውጭ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ሥራው አይደለም። የተከራየው ቦታ ነው። ፕላዛ ያረጃል፣ ተከራይ ይቀያይራል፣ አንዳንዴም ፈርሶ ሌላ ነገር ይሆናል። እናንተ የምትገቡት በየትኛው ዕድሜው ላይ እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ።

እኛ ብዙ ጊዜ የምንገባው ሲያረጅ ነው። ፕላዛው አዲስ ሲሆን አከራዩ የሚፈልገው አገር ያወቃቸውን ትልልቅ ድርጅቶች ነው። እነሱ ሲወጡ ኪራዩ ይረክሳል፣ መስፈርቱም ይላላል። ያኔ በሩ ለእኛ ይከፈታል። ይሄ በራሱ ክፋት የለውም፤ ስንቱ ቤት የሠራው እንዲህ ባለ ፕላዛ ነው። ግን ኪራዩ ለምን እንደረከሰ ሳትጠይቁ አትግቡ።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ትንሽ ልበል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካዊው ከከተማ ወጥቶ ሰበርብ መኖር ሲጀምር ገበያውም ተከተለው። በ1954 ደግሞ የታክስ ሕጉ ተለወጠ። አዲስ የንግድ ሕንፃ የሠራ ባለሀብት የሕንፃውን እርጅና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በብዛት ከገቢው ላይ እንዲቀንስ ተፈቀደለት። ገንዘብ ያለው ሁሉ ባዶ መሬት እየፈለገ ይገነባ ጀመር። በ1956 ሚኒያፖሊስ አጠገብ፣ ኢዳይና በምትባል ከተማ፣ ሳውዝዴል ተከፈተ። ሙሉ በሙሉ ጣሪያ ለብሶ በጋ ከክረምት አየሩ የሚስተካከል የመጀመሪያው ሞል የሚባለው እሱ ነው። የነደፈው ቪክቶር ግሩን የቪየና ተወላጅ ነበር። ሐሳቡ መኖሪያ ቤትም ትምህርት ቤትም ያለበት የከተማ ማዕከል መሥራት ነበር። የወጣው ግን በፓርኪንግ የተከበበ ሱቅ ነው። በኋላ ሰውየው ራሱ የሞል አባት መባሉን ጠልቶታል።

ለእኛ የሚጠቅመው የታክሱ ነገር ነው። ትልቁ ጥቅም መጀመሪያ ላይ ስለሚገኝ ባለቤቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሸጦ ሌላ ቢገነባ ይሻለው ነበር። ስለዚህ ከሚያስፈልገው በላይ ተገነባ፤ ንብረቱም ከእጅ ወደ እጅ መዞር ልማዱ ሆነ። የዛሬው ደጉ አከራያችሁ ነገ ሸጦ ሊሄድ ይችላል። ከአዲሱ ጋር የሚያገናኛችሁ ወረቀቱ ብቻ ነው።

አሌክሳንድሪያ ላንድማርክ ሞል አካባቢ የኖራችሁ ይህን በዐይናችሁ አይታችኋል። በ1965 ሲከፈት ሲርስ፣ ሄክትስ እና ዉድዋርድ ኤንድ ሎትሮፕ ነበሩበት። በ1990 ገደማ ጣሪያ ለበሰ። ከዚያ ዉድዋርድ ኤንድ ሎትሮፕ ከስሮ በ1995 ተዘጋ። ሄክትስ ስሙ ተቀይሮ ሜሲስ ሆነ። ሞሉ ጥር 2017 ላይ ተዘጋ፤ ሲርስ ብቻውን ጥቂት ዓመት ቆየ። የሜሲስ ሕንፃ ቤት ለሌላቸው ሰዎች ጊዜያዊ መጠለያ ሆነ፤ ባዶው ሞል ውስጥም የሆሊዉድ ፊልም ተቀረጸ። አሁን ፈርሶ የኢኖቫ ሆስፒታልና መኖሪያ ቤቶች እየተሠሩበት ነው። ልብ በሉ፣ ከተማው ለላንድማርክና ለቫን ዶርን አካባቢ አዲስ የልማት ዕቅድ ያጸደቀው በ2009 ነው። ሞሉ ከመዘጋቱ ስምንት ዓመት ገደማ በፊት ማለት ነው። የተደበቀ ነገር አልነበረም። የከተማውን ፕላኒንግ ቢሮ ሄዶ የጠየቀ ሁሉ ያገኘው ነበር።

የመጀመሪያ የቤት ሥራችሁ ይሄው ነው። ፕላዛው ያለበትን ካውንቲ ወይም ከተማ ድረ ገጽ ክፈቱና ሦስት ነገር ፈልጉ። ንብረቱ በማን ስም ነው፣ መቼ ተሸጠ? ለአካባቢው የወጣ የልማት ዕቅድ አለ? የዞኒንግ (ቦታው ላይ ምን መሥራት እንደሚፈቀድ የሚወስነው ደንብ) ለውጥ የጠየቀ ሰው አለ? ሁሉም ለሕዝብ ክፍት ነው፣ በነፃ ነው። በቅርቡ የገዛው አፓርታማ የሚሠራ ኩባንያ ከሆነ እናንተ እዚያ ጊዜ ማሳለፊያ ናችሁ። የግንባታ ፈቃዱ እስኪወጣ ድረስ ወጪውን የምትሸፍኑለት ተከራዮች።

ቀጥሎ አንከሩን እዩ። አንከር የምንለው ሰው የሚስበውን ትልቁን መደብር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሱፐርማርኬት። በስኩዌር ፊት ሲሰላ እሱ የሚከፍለው ከእናንተ በጣም ያነሰ ነው። ሰው ስለሚያመጣ ነው የሚረክስለት። እናንተ የምትከፍሉት ከፍ ያለ ኪራይ በከፊል የእሱ ደንበኞች በደጃችሁ እንዲያልፉ ነው። እሱ ሲዘጋ ግን የእናንተ ኪራይ አይቀንስም። ሰርኪት ሲቲ በ2009፣ ቦርደርስ በ2011፣ ቶይስ አር አስ በ2018፣ ፔይለስ በ2019፣ ቤድ ባዝ ኤንድ ቢዮንድ በ2023 የአሜሪካ ሱቆቻቸውን ዘጉ። ከእነዚህ ሱቆች አጠገብ ስንት ትንንሽ ነጋዴ እንደነበር አስቡት። ደግሞ ትልቁ ሲከስር በፍርድ ቤት ሊዙን (የኪራይ ውሉን) ጥሎ መውጣት ይችላል። እናንተ ግን በቤታችሁ ዋስ ሆናችሁ ፈርማችኋል። ፍትሕ ነው አልልም፣ ግን እንዲህ ነው።

አንድ የማይታወቅ ነገር ልንገራችሁ። አንዳንድ ሱፐርማርኬት ሱቁን ዘግቶም ኪራይ መክፈሉን ይቀጥላል። ተፎካካሪው እንዳይገባ ነው። ሲወጣም ቦታው ላይ ሌላ ግሮሰሪ እንዳይከፈት የሚከለክል ውል ጥሎ የሚሄድ አለ። ስለዚህ ባዶ ሱፐርማርኬት አይታችሁ "በቅርቡ ሌላ ይገባበታል" የሚለውን የደላላ ወሬ አትመኑ። ማን እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚገባ በጽሑፍ ጠይቁ። ከቻላችሁ ደግሞ አንከሩ ከተዘጋ ኪራያችሁ እንዲቀንስ ወይም ውሉን ማፍረስ እንድትችሉ አስገቡበት። ኮ ቴናንሲ ይባላል። ለትንሽ ተከራይ እምብዛም አይሰጡም፤ ግን ፕላዛው ግማሹ ባዶ ከሆነ የመደራደሪያ ጉልበቱ የእናንተ ነው።

የቪየትናሞቹን ታሪክ ደግሞ እወደዋለሁ። ከ1975 በኋላ ወደ አርሊንግተን የመጡት ክላረንደን ላይ ሱቅ ከፈቱ። ሜትሮ ሊገባ መንገዱ ተቆፋፍሮ ስለነበር ኪራዩ ርካሽ ነበር። ጣቢያው በ1979 ሥራ ሲጀምር አካባቢው ተፈላጊ ሆነና ኪራዩ ወጣ። ያኔ ብዙዎቹ ወደ ፎልስ ቸርች፣ ሰቨን ኮርነርስ ወዳለ ያረጀ ፕላዛ ሄዱ። ዛሬ ኤደን ሴንተር የምንለው እሱ ነው፤ ከ100 በላይ ሱቅ አለው። ተበታትነው ቢሄዱ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። አንድ ላይ ሲገቡ እነሱ ራሳቸው አንከር ሆኑ። ሰው የሚመጣው ለሁሉም ነው። የእኛስ? ከአዳምስ ሞርጋን ወደ ዩ ስትሪት፣ ከዚያ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ ስካይላይን አካባቢ፣ ኪራይ እያባረረን ተጉዘናል። አንድ ፕላዛ ላይ ስንሰባሰብ ግን "ለምን እሱ አጠገቤ ከፈተ" የሚል ቅሬታ ቶሎ ይመጣል። ሁለት ምግብ ቤት ጎን ለጎን ሲሆን አንዳንዴ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ከፈራችሁ ደግሞ ኤክስክሉሲቭ የሚባል አንቀጽ አለ፤ አከራዩ ተመሳሳይ ሥራ ለሌላ እንዳያከራይ ያስገድደዋል። ከወንድማችሁ ጋር ከመኮራረፍ ይሻላል።

አሁን ወደ ሊዙ እንምጣ። አብዛኛው የፕላዛ ሊዝ ትሪፕል ኔት ነው። ከኪራዩ በላይ የንብረት ግብር፣ ኢንሹራንስና የጋራ ቦታ ጥገና ድርሻችሁን ትከፍላላችሁ። የመጨረሻው ካም ይባላል። በረዶ ማስጠረጊያው፣ የፓርኪንጉ መብራት፣ አስፋልቱ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ያረጀ ፕላዛ ደግሞ ጣሪያው ያፈስሳል፣ አስፋልቱ ይቦረቦራል። አከራዩ አዲስ ጣሪያ ሠርቶ ወጪውን ወደ እናንተ እንዳይገፋው ትልልቅ የግንባታ ወጪዎች ከካም ውጭ ይሁኑ በሉ። ያለፉትን ሦስት ዓመታት የካም ሒሳብም አምጣ በሉት። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። በ1978 በጸደቀው ፕሮፖዚሽን 13 መሠረት የንብረቱ የግብር ግምት በዓመት ከ2 በመቶ በላይ አያድግም። ንብረቱ ሲሸጥ ግን በገበያ ዋጋ እንደ አዲስ ይገመታል። ለረጅም ጊዜ በአንድ ሰው እጅ የቆየ ፕላዛ ሲሸጥ ግብሩ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ትሪፕል ኔት ከሆነ ደግሞ ከፋዮቹ እናንተ ናችሁ። ከዚህ የሚጠብቃችሁ አንቀጽ ሳይገባ አትፈርሙ።

ከሁሉ በላይ ግን ሁለት አንቀጾችን ፈልጉ። አንዱ ዲሞሊሽን ነው፤ አከራዩ ሊያፈርስ ሲፈልግ በአጭር ማስታወቂያ ያስወጣችኋል። ሌላው ሪሎኬሽን ነው፤ ፕላዛው ውስጥ ወደ ሌላ ክፍል ያዛውራችኋል። ምግብ ቤት ለሚከፍት ሰው እነዚህ ሁለቱ መርዝ ናቸው። ኩሽና፣ የጭስ ማውጫ ሁድ፣ የቅባት ማጠራቀሚያ ብዙ ገንዘብ የሚበላ ነገር ነው፤ ነቅላችሁ አትሄዱም። አንቀጹን ማስወጣት ካልተቻለ ቢያንስ የአንድ ዓመት ማስታወቂያና ላወጣችሁት ወጪ ካሳ ይጻፍ። ለነገሩ ቀድሞ ፒዜሪያ ወይም ሌላ ምግብ ቤት የነበረ ክፍል ብታገኙ ይመረጣል። ሁዱ ተሠርቶ ይጠብቃችኋል። ልብስ ቤት የነበረውን ወደ ምግብ ቤት መለወጥ ግን ካውንቲው ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ፓርኪንግ እንዲኖር ይጠይቃል፤ ፓርኪንጉ ካልበቃ ፈቃድ አይሰጥም። ይህን ሳያጣራ ፈርሞ ባዶ ክፍል ኪራይ የከፈለ ሰው አውቃለሁ።

ፐርሰናል ጋራንቲ ይጠይቋችኋል። ኤልኤልሲ (የግል ንብረታችሁን ከንግዱ ዕዳ የሚለይ ድርጅት) አለኝ ብላችሁ አትዘናጉ፤ ጋራንቲውን ስትፈርሙ ቤታችሁንና ያጠራቀማችሁትን ገንዘብ ነው የምታስይዙት። ድርድር ይቻላል። ዋስትናው በአንድ ዓመት ኪራይ ይገደብ፣ ወይም በወቅቱ እየከፈላችሁ ስትቆዩ ከዓመት ዓመት ይቀንስ በሉ። የትዳር አጋራችሁን ፊርማ ከጠየቁ ከጠበቃ ጋር ሳትነጋገሩ እሺ አትበሉ። የንግድ ሊዝ የሚያውቅ ጠበቃ ማለቴ ነው፤ የኢሚግሬሽን ጉዳያችሁን የጨረሰላችሁን አይደለም።

የጊዜው ርዝመትስ? አምስት ዓመት ሆኖ ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ዓመት የማራዘም ኦፕሽን ቢኖረው እመርጣለሁ። ካልሆነላችሁ ትወጣላችሁ፤ ከሆነላችሁ ትቆያላችሁ። ኦፕሽኑ ላይ ኪራዩ "በገበያ ዋጋ" ብቻ ከተባለ ጣሪያ አስቀምጡለት። ኦፕሽኑን እንደምትጠቀሙ የምታሳውቁትም በጽሑፍ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሊዙ ከማለቁ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት አስቀድሞ። ቀኑ ካለፈ መብቱም ያልፋል፤ አከራዩን በስልክ አነጋግሬዋለሁ ማለት አያድናችሁም። የፈረማችሁ ዕለት ቀኑን ስልካችሁ ካላንደር ላይ አስገቡት፣ ደብዳቤውንም ደረሰኝ ባለው ፖስታ ላኩት።